እዚህ ነው የሚበላው ወይስ ይጠቅለል?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ወርዳችሁ አሳ ስታዙ ከጥብስ ቤቱ ልጅ አንድ ጥያቄ አይቀርላችሁም። «እዚህ ነው የሚበላው ወይስ ይጠቅለል?»

እዚህ ነው ካላችሁ ቆሮሶው በሳህን ይመጣል። ዳጣው በጎን፣ ሎሚው ተሰንጥቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ። ይጠቅለል ካላችሁ ወረቀት ላይ ይጋደምና ይጠቀለላል፤ አለቀ። አሳው ያው አሳ ነው፣ ዘይቱም ያው ዘይት። የተለየው ተቀባዩ ነው።

ኮምፒውተራችሁም ይህን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ ይውላል። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና) ያለው ሰው አሁኑኑ ይሞክረው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱና ኤልኤስ ብላችሁ ጻፉ። የፋይሎቹ ስም በአምድ በአምድ ተደርድሮ ይመጣል። አብዛኛው ማሽን ላይ ፎልደሩም በሰማያዊ ተለይቶ ይታያል። አሁን ያንኑ ኤልኤስ በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ቱቦ) ወደ ካት ላኩት። ካት የመጣለትን እንዳለ ከማሳለፍ ሌላ ሥራ የለውም። ግን ቀለሙ ጠፋ፣ አምዱም ፈረሰ፤ በአንድ መስመር አንድ ስም ብቻ። ትእዛዙ አልተለወጠም፣ ፎልደሩም አልተለወጠም። ኤልኤስ በመጀመሪያው ጊዜ ለገበታ፣ በሁለተኛው ጊዜ ለጥቅል እንደሚያወጣ አውቋል። በምን አወቀ?

እኔ መልሱን የተማርኩት የሰው ማሽን ላይ ጥፋት ሠርቼ ነው።

ለአንድ መድኃኒት ቤት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መጋዘን ውስጥ ያለውን መድኃኒት ትቆጥራለች፣ ጊዜው ያለፈበትን በቀይ፣ ደህናውን በአረንጓዴ ትዘረዝራለች። መጨረሻ ላይ «ጊዜ ያለፈባቸውን ከመዝገብ ላውጣ? አዎ ወይስ አይ» ብላ ትጠይቃለች። እኔ ስክሪን ላይ ስትሠራ ታምራለች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ በየማለዳው ዝርዝሩን በፋይል እንዲያገኙት ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳው) ላይ አስገባኋት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንድትነሳ። (ክሮኑ ላይ የጻፍኩት 2 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ የረሳ ሐበሻ ፕሮግራመር ካለ እጁን ያውጣ።)

በማግስቱ ፋይሉ ሲከፈት ከእያንዳንዱ መድኃኒት ስም ፊት ዝባዝንኬ አለ። አራት ማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ 32፣ ከኋላዋ አንዲት የፈረንጅ ፊደል። እነዚህ የቀለም ትእዛዞች ናቸው። ተርሚናል ሲያያቸው ይውጣቸውና ቀለም ይቀይራል። ፋይል ግን ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፤ የተሰጠውን እንዳለ አስቀመጠ። ይህ ቀላሉ ጥፋት ነው።

ከባዱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ሞላሁ ሞላሁ ይላል። ምን አብልተኸው ነው?» ሄጄ ሳየው ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሎግ ፋይሉን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ «እባክዎ አዎ ወይም አይ ይበሉ። እባክዎ አዎ ወይም አይ ይበሉ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ተገኝቶ ፕሮግራሟ ጥያቄዋን ጠይቃለች። በሌሊት ማን ይመልስላታል? ክሮን ኪቦርድ የለውም። ለማንበብ ስትሞክር ከርነሉ (የሊኑክስ ልብ የሆነው ክፍል) ወዲያው «ግብአቱ አልቋል» ይላታል። እሷ ይህን እንደ ባዶ መልስ ቆጥራ እንደገና ትጠይቃለች። እስኪነጋ ድረስ ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ ስትለፈልፍ አደረች።

ለመጠገን መጀመሪያ ፋይል ዴስክሪፕተር የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ተራ ቁጥር ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳችሁን ስታስቀምጡ ዘበኛው ቁጥር ይሰጣችኋል አይደል? እጃችሁ ላይ ያለው 7 ቁጥር ነው። ቦርሳው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። ፕሮግራምና ከርነልም እንደዚያው ናቸው። ፕሮግራሙ ቁጥር ይይዛል፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከርነሉ ነው። ፋይል ሊሆን ይችላል፣ ፓይፕ ሊሆን ይችላል፣ የኔትዎርክ ሶኬት ወይም ተርሚናል ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ «ቁጥር 1 ላይ ይህን ጻፍልኝ» ብቻ ነው የሚለው።

ሦስት ቁጥሮች ከልደት ጀምሮ የተሰጡ ናቸው። 0 ግብአት የሚነበብበት ነው። 1 ውጤት የሚጻፍበት ነው። 2 ስህተትና ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ነው። ተርሚናል ላይ ቁጭ ብላችሁ ፕሮግራም ስታስነሱ ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ፣ ወደዚያው ተርሚናል ያመለክታሉ። ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው፤ አንድ ነገር ይመስሉናል።

«ውጤቱን ወደ ፋይል አድርግ» የምትለዋን የቀስት ምልክት ስትጽፉ ሥራውን የሚሠራው ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ነው፣ ፕሮግራሙ ነገሩ ውስጥ የለበትም። ሼሉ አዲስ ፕሮሰስ ይወልዳል፣ ፋይሉን ይከፍታል፣ ዱፕ-2 በሚባለው ሲስተም ኮል (ከርነሉን ሥራ መጠየቂያ) ያን ፋይል ቁጥር 1 ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ፕሮግራማችሁን ያስነሳል። ፕሮግራሙ ሲነቃ ቁጥር 1 እጁ ላይ አለ። ከጀርባው የተቀየረውን አላየም። መጥበሻው ጋ የቆመ ሰው በመስኮት አሳ ያቀብላል እንጂ ማዶ ሳህን ይሁን ወረቀት ካልጠየቀ አያውቅም።

ስለዚህ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት።

ኤፍ-ስታት የሚባል ሲስተም ኮል አለ። የፋይል ዴስክሪፕተር ቁጥር ስትሰጡት ከጀርባው ያለው ነገር ዓይነቱ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፦ ተራ ፋይል፣ ፎልደር፣ ፓይፕ፣ ሶኬት፣ ብሎክ ዲቫይስ፣ ካራክተር ዲቫይስ (ባይት እያከታተለ የሚያቀብል ዕቃ)። ተርሚናል ካራክተር ዲቫይስ ነው። እኔም «እንግዲያውስ ካራክተር ዲቫይስ ከሆነ ተርሚናል ነው» ብዬ ፈረድኩ። ቁጥር 0ን በኤፍ-ስታት አየሁት። ካራክተር ዲቫይስ ከሆነ ጠይቂ፣ ካልሆነ ዝም በይ። ፋይል ሰጥቼ ሞከርኩት፣ ዝም አለች። ፓይፕ ሰጠኋት፣ ዝም አለች። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ለጥንቃቄ ብዬ ደግሞ የክሮኑ መስመር ላይ ግብአቱን ከ/ዴቭ/ነል እንድታነብ አደረግኋት። /ዴቭ/ነል የሊኑክስ ጥቁር ጉድጓድ ነው። የጻፋችሁበት ሁሉ ይጠፋል፣ ስታነቡት ወዲያው «አልቋል» ይላችኋል።

ሌሊቱን ዲስኩ እንደገና ሞላ።

ያኔ የአክስቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው፣ እኛ ቤት ነበረች። ኮዱን አሳየኋት። አየችው፣ ዞር ብላ እኔንም አየችኝ።

«ጋሼ፣ /ዴቭ/ነልስ ምንድነው?»

«ባዶ ነገር ነዋ።»

«ዓይነቱን ነው ያልኩህ። ኤልኤስ ሰረዝ-ኤል በለው እስቲ።»

አልኩት። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው ምልክት ካራክተር ዲቫይስ መሆኑን ትናገራለች። የዲቫይስ ቁጥሩ 1 እና 3 ነው፤ ሊኑክስ ላይ የ/ዴቭ/ነል መታወቂያ ይኸው ነው። ለካ ካራክተር ዲቫይስ የሚባለው ዘር ሰፊ ነው። /ዴቭ/ዜሮ አለበት፣ /ዴቭ/ራንደም አለበት፣ የድምፅ ካርድና የማውስ ዲቫይስም አሉበት። ተርሚናል ከቤተሰቡ አንዱ ነው እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ አይደለም።

«መልኩን አይተህ ፈረድክበት» አለችኝ። «ለምን አታናግረውም?»

ነገሩ ይኼው ነው። ተርሚናልን የሚለየው መልኩ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ተርሚናል ሌላ ዲቫይስ የሌለው ጠባይ አለው። የጻፋችሁትን ፊደል መልሶ ያሳያል ወይስ ይደብቃል (የይለፍ ቃል ስትጽፉ እንደሚያደርገው)? መስመሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል ወይስ እያንዳንዷን ፊደል እንደመጣች ያቀብላል? ኮንትሮል-ሲ ሲጫን ፕሮግራሙን ያቋርጣል? እነዚህ ሴቲንጎች ከርነሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። አይ-ኦ-ኮንትሮል በሚባለው ሲስተም ኮል «ሴቲንግህን አሳየኝ» ማለት ይቻላል። ተርሚናል ከሆነ ያሳያል። /ዴቭ/ነልን ብትጠይቁት ግን ምን እንደምታወሩ አይገባውም፤ ከርነሉ ስህተት ይመልሳል።

ይህን ጠቅልላ የያዘች፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምትጠራ ፈንክሽን አለች፤ ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ ትባላለች። ስሟ ራሱ «ተርሚናል ነው ወይ?» ማለት ነው። ቁጥር ትሰጧታላችሁ፤ ተርሚናል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ትመልሳለች። ሌላ ነገር የላትም። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው የሲ ላይብረሪ፣ ግሊብሲ፣ ከውስጥ የሚያደርገው ያልኳችሁን ነው፦ የተርሚናሉን ሴቲንግ ይጠይቃል፣ ከተሳካ «አዎ» ይላል። መስል የሚባለው ትንሹ ላይብረሪ ደግሞ «የመስኮትህ ስፋት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ይለያያል እንጂ ዘዴው አንድ ነው። ለተርሚናል ብቻ የሚገባ ነገር ጠይቅ፣ መልስ ካገኘህ ተርሚናል ነው። ሰውየው የሐዋሳ ልጅ መሆኑን ለማወቅ መታወቂያ ከመጠየቅ «አቶቴ በየት በኩል ነው?» እንደማለት።

0 ስትመልስ ምክንያቱን ኤርኖ በሚባለው ቦታ ትተዋለች። ሁለት ምክንያት አለ። ቁጥሩ ጭራሽ ያልተከፈተ ከሆነ ኢ-ባድ-ኤፍ ይባላል። ክፍት ሆኖ ተርሚናል ካልሆነ ኢ-ኖት-ቲቲዋይ። የሁለተኛው ታሪክ ያስቀኛል። ዛሬ ማሽኑ ይህን ስህተት በእንግሊዝኛ ሲያብራራ «ለዚህ ዕቃ የማይገባ አይ-ኦ-ኮንትሮል» ዓይነት ነገር ይላል። የሊኑክስ አያት በሆኑት በድሮዎቹ ዩኒክሶች ግን መልእክቱ ቃል በቃል «የጽሕፈት መኪና አይደለም» ነበር። ሰው ኢሜይል ልኮ «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል መልስ ሲመጣለት አስቡት!

ግን ቀልድ አልነበረም። ቲቲዋይ የቴሌታይፕ አጭር ስም ነው፤ በሽቦ የሚሠራ የጽሕፈት መኪና። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምሩ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት በዚህ መኪና ነበር፤ መልሱ ወረቀት ላይ ይታተማል። የዘመኑ ታዋቂ ሞዴል 33፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው፣ በሰከንድ 10 ፊደል ነበር የሚያትመው። የዩኒክስ ትእዛዞች ስም ሁለትና ሦስት ፊደል የሆነው አለምክንያት አይመስለኝም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉልንን ሰዎች መኪና ድምፅ የሚያስታውስ ሰው ቲቲዋይ ምን እንደነበር ይገባዋል። ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ስሟም ሥራዋም አልተለወጠም።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ቋንቋና ላይብረሪ እናንተ ሳትጠይቁት ፋይል ሲከፍት በውስጡ ይህን ይጠይቃል። ፋይሉ ተርሚናል ስላልሆነ ኤርኖ ውስጥ ኢ-ኖት-ቲቲዋይ ይቀራል። እናንተ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሲበላሽባችሁ ኤርኖን ታትማላችሁ። ሎጉ ላይ «ለዚህ ዕቃ የማይገባ» የሚል መልእክት ይወጣና ግማሽ ቀን ስለ ዲቫይስ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ያንን መልእክት ተራ ፋይል በሚነካ ፕሮግራም ላይ ካያችሁት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ራሱን መልእክቱን ይሁን። ኤርኖ የሚነበበው አንድ ጥሪ መውደቁን ከነገራችሁ በኋላ ወዲያውኑ ነው።

ሌላው በብዛት የማየው ስህተት የተሳሳተውን ቁጥር መጠየቅ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የየራሳቸው ዕጣ አላቸው። ኪቦርዱ ላይ ሰው ተቀምጦ ውጤቱ ወደ ፋይል ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ 0 ተርሚናል ነው፣ 1 አይደለም። ተገላቢጦሹም አለ፤ ግብአቱ ከፓይፕ መጥቶ ውጤቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቀለም ልቀባ ወይ ብላችሁ የምትጠይቁት ቀለሙ የሚሄድበትን ቁጥር ነው፤ 1 ላይ ከሆነ 1ን፣ የስህተት መልእክት ከሆነ 2ን። ሰው ጥያቄዬን ይመልስልኛል ወይ ስትሉ ግን የምትጠይቁት 0ን ነው። «ፕሮግራሙ ተርሚናል ላይ ነው ወይ?» የሚባል ጥያቄ የለም። «ይህ ቁጥር ተርሚናል ነው ወይ?» ነው ያለው።

ሼል ስክሪፕት ለምትጽፉ፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሰረዝ-ቲ ብላችሁ ቁጥሩን መጻፍ ይህንኑ ይጠይቃል። ፓይተን ላይ የውጤቱ ኦብጀክት ራሱ በዚያው ስም የሚጠራ ሜተድ አለው። ጃቫስክሪፕት በሚያሠራው ኖድ ላይም እንደዚሁ ንብረት ሆኖ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ወፍራሙ ነገር ልግባ፤ ምክንያቱም እናንተ ባትጠይቁም ይህ ጥያቄ በስማችሁ ይጠየቃል። ሲ ላይ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ አውጣ) ስትሉ ጽሑፉ ወዲያው አይወጣም። ላይብረሪው ባፈር (ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያጠራቅመዋል። እስከ መቼ? ቁጥር 1 ተርሚናል ከሆነ መስመሩ ሲያልቅ ያወጣዋል፤ ሰው እየጠበቀ ነዋ። ተርሚናል ካልሆነ ባፈሩ እስኪሞላ፣ ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ 4096 ባይት እስኪደርስ ይጠብቃል። አሳ ቤቱ ውስጥ ገበታ ላይ ላላችሁት አንዱ ሲበስል አንዱ ይመጣል። ተጠቅልሎ ለሚሄደው ግን ትእዛዙ በሙሉ እስኪደርስ አይላክም። (ግሊብሲ እዚህ ላይ መጀመሪያ እንደኔ በኤፍ-ስታት ካራክተር ዲቫይስ መሆኑን ያያል። ልዩነታችን እሱ እዚያ አይቆምም፤ ቀጥሎ ይጠይቃል።)

ይህን የማያውቅ ሰው እንዲህ ይቸገራል። ሰርቨር ላይ ሎጉን በቴል (የፋይልን መጨረሻ በሚያሳየው ትእዛዝ) እየተከታተለ በግሬፕ ያጣራል፣ ከግሬፕ ደግሞ ወደ ሌላ ማጣሪያ ይልካል። ምንም አይመጣም። ሰርቨሩ ሞቷል ብሎ ይነሳል። ሰርቨሩ ደህና ነው፤ ግሬፕ ከኋላው ፓይፕ ስላለ 4096 ባይት እስኪሞላለት ነው የሚጠብቀው። ግሬፕ ለዚሁ ሲባል «በየመስመሩ አውጣ» የሚል የራሱ አማራጭ አለው። ለሌሎቹ ኤስቲዲ-ባፍ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። የራሳችሁ ፕሮግራም ከሆነ የተጠራቀመውን የሚያስወጣውን ኤፍ-ፍለሽን ጥሩት። ቁጥር 2 ደግሞ አይጠራቀምም፤ ስህተት ወዲያው መታየት አለበት። ለዚህ ነው ሁለቱንም ወደ አንድ ሎግ ፋይል ስትልኩ ስህተቱ ከምክንያቱ ቀድሞ ተጽፎ የምታገኙት። ጓደኛዬ በዚህ ቅደም ተከተል ተታሎ ደህናውን ኮድ ሲያፈርስ አይቻለሁ።

ተርሚናል መሆኑን ካወቅን የትኛው ተርሚናል እንደሆነስ? ሁለት የተርሚናል መስኮት ክፈቱና በየአንዳንዱ ቲቲዋይ ብላችሁ ጻፉ። አንዱ /ዴቭ/ፒቲኤስ/0፣ ሌላው /ዴቭ/ፒቲኤስ/1 ወይም እንዲህ ያለ ነገር ይላችኋል። ግብአቱን ከፋይል ስታደርጉበት ደግሞ «ቲቲዋይ አይደለም» ይላል። ከበስተጀርባ የምትሠራው ቲቲዋይ-ኔም የምትባል ፈንክሽን ነች። ቁጥር ትሰጧታላችሁ፣ ስም ትሰጣችኋለች።

ቁጥርን ወደ ስም መመለስ ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል፤ ከርነሉ የያዘው የተከፈተውን ዕቃ ነው፣ ስም ደግሞ ፎልደር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ አቋራጭ አለ። /ፕሮክ/ሰልፍ/ኤፍዲ የሚባል ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ክፍት ቁጥር ሊንክ ሆኖ ተቀምጧል። ግሊብሲ ሊንኩን ያነብና ስም ያገኛል። ግን አያምነውም። በዚያ ስም ያለውን ዕቃ በስታት ያየዋል፤ የዲቫይስ ቁጥሩና የአይኖድ ቁጥሩ (ከርነሉ ፋይሉን የሚለይበት) እጁ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። ካልገጠመ /ዴቭ ሥር እየዞረ አንድ በአንድ ያመሳክራል።

ይህን ያህል ጥርጣሬ ለምን? አንዱ ምክንያት ኮንቴይነር ነው፤ ፕሮግራምን ከቀረው ማሽን ለይቶ የሚያሠራ ሣጥን። ከውጭ የተከፈተ ተርሚናል ወደ ኮንቴይነር ሲገባ ስሙ /ዴቭ/ፒቲኤስ/3 ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነሩ ውስጥም የራሱ /ዴቭ/ፒቲኤስ/3 ሊኖር ይችላል፣ ሌላ ተርሚናል። ሰፈሩ ሌላ፣ የቤት ቁጥሩ አንድ። ስሙን አምኖ መጻፍ የሰው ቤት ማንኳኳት ነው። ስለዚህ ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ «አዎ» ብላ ቲቲዋይ-ኔም ስም ማግኘት ልትሳናት ትችላለች፤ ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው። ቲቲዋይ-ኔም የምትመልሰው ስም በሚቀጥለው ጥሪ የሚደመሰስ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ክሮች) ካላችሁ የራሳችሁን ባፈር የምትቀበለውን፣ በአር የምታልቀውን እህቷን ተጠቀሙ።

/ዴቭ/ቲቲዋይ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ማን እንደከፈተው እያየ «የአንተ ተርሚናል» የሚል ስም ነው። ኤስኤስኤች (ሩቅ ማሽን ውስጥ የሚያስገባው ፕሮግራም) የይለፍ ቃል ሲጠይቃችሁ ቁጥር 0ን ትቶ ይህን ይከፍታል። ግብአቱ ከፓይፕ ቢመጣም ከሰውየው ጋር በጓሮ በር ይነጋገራል።

እስካሁን «ተርሚናል» ስል «ሰው አለ» እያልኩ አታልያችኋለሁ። አንድ አይደሉም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው መስኮቶች ሁሉ አስመሳይ ተርሚናል ናቸው፤ በአንድ ጫፍ ፕሮግራማችሁ፣ በሌላው ጫፍ መስኮቱን የሚስለው ፕሮግራም። በሌላው ጫፍ ሰው ሳይሆን ስክሪፕትም ሊቀመጥ ይችላል፤ ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ ልዩነቱን አታይም። አርዱዊኖ በዩኤስቢ ስትሰኩ /ዴቭ/ቲቲዋይ-ዩኤስቢ-0 ወይም መሰሉ ይወጣል። ከፍታችሁ ጠይቁት፤ «አዎ፣ ተርሚናል ነኝ» ይላል። ማዶ ያለው ግን የሙቀት መለኪያ ነው። አዎ ወይስ አይ ብትሉት አይመልስም።

ተገላቢጦሹም አለ፤ ሰው ተቀምጦ ተርሚናል የማይኖርበት። በኤስኤስኤች ሩቅ ማሽን ላይ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ስትልኩ ማዶ ተርሚናል አይከፈትም። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ትእዛዝ) የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ያጣና ይነጫነጫል፤ ሰረዝ-ቲ ስትጨምሩ ይረጋጋል። ኮንቴይነር የሚያስነሳው ዶከርም «ግብአቱ ቲቲዋይ አይደለም» ብሎ የሚያቆማችሁ በዚሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ክሮን ውስጥ የተረሳች ሰረዝ-ቲ ናት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ተመሳሳዩ ፈንክሽን የሚጠይቀው ካራክተር ዲቫይስ መሆኑን ብቻ ነው። የኔን ስህተት ማይክሮሶፍት በሕግ አጽድቆታል።

የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም አሁን እንዲህ ናት። ቀለም ከመቀባቷ በፊት 1ን ትጠይቃለች። ሰውን ከመጠየቋ በፊት 0ን ትጠይቃለች፤ ተርሚናል ካልሆነ ከመዝገብ ምንም አታወጣም፣ ዝርዝሩን ጽፋ ትወጣለች። ተርሚናል ቢሆን እንኳ ንባቡ «አልቋል» ካለ እንደ «አይ» ቆጥራ ታቆማለች። ዲስኩን የሞላው በእርግጥ ይኼኛው ቀዳዳ ነበር፤ ያንን ብቻ ደፍኜው ቢሆን አንድም ሌሊት አይጠፋም ነበር። የቀለም ነገር ደግሞ ሰው በራሱ እንዲወስን ሦስት ምርጫ ሰጠሁ፦ ሁልጊዜ፣ በፍጹም፣ እንደሁኔታው። ኤልኤስና ግሬፕም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ትርፍ መስሎኝ ነበር።

ትርፍ አለመሆኑ የገባኝ ያን ቅዳሜ ነው። የአክስቴን ልጅ ውለታዋን ልመልስ ብዬ አሞራ ገደል ወሰድኳት። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ቆመዋል። ልጁ መጣ። «እዚህ ነው የሚበላው ወይስ ይጠቅለል?»

«ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ለእማዬ ይጠቅለል» አለችው።

ሊኑክስ ላይ ለዚህ ቲ የምትባል ትእዛዝ አለች። ውጤቱን ስክሪን ላይም ታሳያለች፣ ፋይል ውስጥም ታስቀምጣለች። ግን ፕሮግራማችሁ ከፊቱ የሚያየው ቲን ነው፣ ቲ ደግሞ በፓይፕ ነው የምትቀበለው። ቁጥር 1ን ይጠይቃል፣ «ተርሚናል አይደለም» ይባላል፣ ቀለሙንም አምዱንም ይተዋል። እናንተ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ። «ሁልጊዜ» የሚለው ምርጫ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሳው መጣ። ሁሉም በወረቀት፣ እኛ የምንበላውም ጭምር። ሳህን የለ፣ ሎሚ የለ። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጁን ጠርቼ ዳጣ እንዲያመጣልን ለመንኩት።